የእንጦጦ ፓርክ፦ ታሪኩ፣ ገጽታውና ለጎብኚዎች የሚያስፈልግ መረጃ

የእንጦጦ ፓርክ በአዲስ አበባ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ የተዘረጋ፣ 1 ሺህ 300 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የሕዝብ መናፈሻ ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ የከተማዋ ነዋሪዎችም ሆኑ ከክልሎችና ከውጭ ሀገር የሚመጡ እንግዶች ከሚያዘወትሯቸው ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል። ስለ ፓርኩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ያሉትን መጫወቻዎች፣ መመገቢያዎችና መንገዶች የሚመለከቱ ናቸው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በዚህ ጽሑፍ ምላሽ ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ ፓርኩ ባዶ መሬት ላይ የተሠራ አይደለም። እንጦጦ ከአዲስ አበባ በፊት ከተማ ነበር፤ ከዚያም ከመቶ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ የማገዶ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ጎብኚው ዛሬ የሚያያቸውን ዛፎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ቀጫጭን የእግር መንገዶች በሚገባ የሚረዳቸው ይህን ታሪክ ሲያውቅ በመሆኑ በቅድሚያ እርሱን እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ተራራውና ውኃው

የእንጦጦ ተራራ ከፍተኛ ቦታዎች ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ያህል ይደርሳሉ። ተራራው ከተማዋን ከሰሜን ነፋስ ከመጋረዱም በላይ በሁለት ታላላቅ የወንዝ ተፋሰሶች መካከል ያለ ድንበር ነው። በደቡባዊው ተዳፋት ላይ የሚወርደው ዝናብ ቀበናን፣ ግንፍሌንና ቀጨኔን የመሳሰሉ የከተማዋን ወንዞች ሞልቶ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይፈስሳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ ውስጥ ይቀራል። በሰሜናዊው ተዳፋት ላይ የሚወርደው ደግሞ በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል። በአንድ ጫፍ ላይ፣ በጥቂት እርምጃ ልዩነት የወረዱ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ በአፋር ሐይቆች፣ ሌላው በሜዲትራኒያን ባሕር ጉዟቸውን ይፈጽማሉ ማለት ነው።

ይህ የመልክዓ ምድር ማብራሪያ ብቻ አይደለም። የተራራው መሬት በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ሲሆን ዝናቡ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰርግና በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። መሬቱ ሲራቆት ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በክረምት በየወንዙ ዳር ያሉ መኖሪያዎችን የሚያሰጋው ጎርፍ መነሻው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በተራራው ላይ ምን ዓይነት ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥርስ ምን በቅሏል የሚለው ጥያቄ፣ ወደ እንጦጦ ወጥቶ የማያውቀውን የቀበናና የቀጨኔ ዳር ነዋሪ ሳይቀር ይመለከተዋል።

ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ

የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ደቡብ ሲመጡ በወጨጫ ከሰፈሩ በኋላ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን በእንጦጦ አደረጉ። ለምርጫው ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው ቦታው ዙሪያውን አሻግሮ ለማየትና ጠላትን ለመከላከል የሚያመች አምባ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በዚያ ሥፍራ የቀደሙ ነገሥታት ከተማ ነበር የሚለው ትውፊት ነው፤ ምኒልክ የአባቶቻቸውን ከተማ መልሰው እንደሚያቀኑ ማሳየታቸው ለንግሥናቸው የነበረው ትርጉም ቀላል አልነበረም። የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት የታነጹት በዚሁ ዘመን ሲሆን፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው።

በእንጦጦ ዘመን ወደ ተራራው ከወጡት የውጭ ሰዎች መካከል ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ይገኝበታል። ራምቦ ግጥም መጻፍን ከተወ በኋላ ነጋዴ ሆኖ በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ ነበር፤ ከንግዱም የጠበቀውን ያህል ትርፍ ሳያገኝ ተመልሷል።

የእንጦጦ ኑሮ ግን ምቹ አልነበረም። ብርዱ፣ ነፋሱ፣ በክረምት የሚወርደው መብረቅ፣ ከሁሉም በላይ የማገዶ እጥረቱ ቤተ መንግሥቱንም ሕዝቡንም አስቸገረ። ከተራራው ሥር ያለው የፍልውኃ ሜዳ ግን ሞቃትና ለምለም ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃው ወርደው ቦታውን ስለወደዱት በዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይህ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ነው። መኳንንቱና ሠራዊቱ ቤታቸውን በየተራ ወደ ታች አወረዱ፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ቤተ መንግሥቱም ሙሉ በሙሉ ከእንጦጦ ተነሣ። በተራራው ላይ የቀሩት አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ካህናቱና አሮጌው የምኒልክ መኖሪያ ነበሩ።

ከተማዋ ከተራራው ብትወርድም ከተራራው አልተለየችም። በ1880ዎቹ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ አዲሱ ቤተ መንግሥት አወረደ። ውኃ ያለ ሰው ሸክም ወደ ግቢው መድረሱ በዘመኑ ሰው ዘንድ ትልቅ መደነቅን ፈጥሮ እንደነበር ይነገራል።

ባሕር ዛፍ ያቆማት ከተማ

ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚያየውም፣ በሽታው የሚያውቀውም ባሕር ዛፍን ነው። ብዙዎቻችን ባሕር ዛፍን ከእንጦጦ ለይተን ማሰብ ስለሚያዳግተን ዛፉ ለተራራው እንግዳ መሆኑን እንዘነጋዋለን። የቀድሞው የተራራው ደን የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከፍ ባለው ቦታም አስታ ነበር። ይህ ደን ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ፣ ለአጥርና ለማገዶ ሲቆረጥ ቆይቶ አዲስ አበባ ስትመሠረት አብዛኛው አልቆ ነበር።

የማገዶ ችግሩ አዲሲቱን ከተማም ተከትሏት ወረደ። በዚያ ዘመን በአንድ አካባቢ ያለው እንጨት ሲያልቅ ከተማን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል የተለመደ ነበር። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ ደን ባልተለየው ሥፍራ አዲስ ዓለም የተባለ ሌላ ከተማ መቆርቆር ጀምረው ነበር። ዋና ከተማነቱ ወደዚያ ሊዛወር ተቃርቦ እንደነበር የሚመሰክረው፣ ለቤተ መንግሥትነት የተጀመረው ሕንፃ በኋላ የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በቦታዋ እንድትቀር ካደረጓት ምክንያቶች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነበር።

ዛፉ ከአውስትራሊያ የተገኘ ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሀገራችን እንደገባና ያስገባውም የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ተዘግቧል። ምኒልክ ችግኙ ለሕዝቡ እንዲዳረስና ዛፉን የሚተክል ባለ መሬት ከግብር እፎይታ እንዲያገኝ አድርገዋል ይባላል። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ የመጣውን ይህን ዛፍ ባሕር ዛፍ ብሎ ሰየመው። በእንጦጦ ደጋ ላይ በብዛት የሚታየው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ዝቅ ባለውና ሞቃት በሆነው አካባቢ የሚመረጠው ቀይ ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለአጣና ይደርሳል። ሲቆረጥም አይሞትም፤ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ አቆጥቁጦ እንደገና ያድጋል። ቅጠሉን ከብት ስለማይበላው አጥርና ጠባቂ አያስፈልገውም። ግንዱ ለምሰሶና ለወራጅ፣ ቀጫጭኑ ለማገር፣ ቅርንጫፉ ለማገዶ፣ ደረቅ ቅጠሉ ለምጣድ ይውላል። የጭቃ ቤቶች አጽም ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛሬ እንኳ በየግንባታው የቆመው መወጣጫ አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ይህ ጸሐፊ ባሕር ዛፍን አሁን አሁን እንደሚደረገው እንደ ወራሪ ጠላት ብቻ መቁጠር ፍትሐዊ ነው ብሎ አያምንም። ያለ እርሱ ይህች ከተማ በዚህ ቦታ ላይ ላትኖር ትችል ነበር።

ጉዳቱም ግን እውነት ነው። በጥቅጥቅ የባሕር ዛፍ ተክል ሥር ሌላ ዕፅ እምብዛም አይበቅልም። ዛፉ ውኃን በብርቱ ይጠቀማል፤ የወደቀው ቅጠሉም ሌሎች ዕፀዋት እንዳይበቅሉ የሚያውክ ንጥረ ነገር አለው። በዚህ ላይ ያ የወደቀ ቅጠል ራሱ ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ያለ ልብስ ይቀራል። ከሩቅ አረንጓዴ መስሎ የሚታይ ተዳፋት ቀርበው ሲያዩት አፈሩ ተሸርሽሮ የዛፉ ሥር የወጣበት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጎብኚው በእግር መንገዶቹ ሲጓዝ ንጹሕ የባሕር ዛፍ ቦታንና አገር በቀል ዛፍ የተቀላቀለበትን ቦታ ጎን ለጎን የማየት ዕድል ስላለው ልዩነቱን ከእግሩ ሥር እንዲመለከት እንጋብዘዋለን።

እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች

የእንጦጦን ታሪክ ከነገሥታቱ ቀጥሎ የያዙት ሴቶች ናቸው። የከተማዋ ምድጃ ለአሥርት ዓመታት ሲነድ የኖረው ጎሕ ሳይቀድ ወደ ተራራው ወጥተው ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ በገመድ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳና ከዚያም ባሻገር ባወረዱ እናቶችና ልጃገረዶች ጉልበት ነው። የአንድ ሸክም ክብደት ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ተሸካሚዋ ወገቧን አጉብጣ በዚያ ቁልቁለት ረጅም መንገድ ከወረደች በኋላ የምታገኘው ገንዘብ የዕለት ጉርስን ለመሸፈን እንኳ የሚያዳግት ነበር። ሥራው የሚሠራው ሌላ ሥራ ሲጠፋ ነው፤ ወዳ የያዘችው የለችም። ከደን ጠባቂዎች ጋር የነበረው ግብግብም የኑሯቸው አካል ነበር።

ችግሩን ለማቃለል ቀድሞ የተደረጉ ጥረቶች አሉ። በእንጦጦ መንገድ ላይ የተቋቋመው የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አባላቱን ሸማ በመሥራት ሥራ ላይ አሰማርቷል፤ ጎብኚዎችም ምርቶቻቸውን በቀጥታ ከሠሪዎቹ ሲገዙ ቆይተዋል። የእንጦጦ ፓርክ ሲገነባም በግንባታውና በኋላ በአገልግሎቱ ሥራ ከተቀጠሩት መካከል ቀድሞ እንጨት በመሸከም ይተዳደሩ የነበሩ ሴቶች ይገኙበታል።

ይህ ጉዳይ በአንድ መስመር ተጠቅሶ የሚታለፍ አይደለም። አንድን ተራራ ከልሎ መናፈሻ ማድረግ ማለት የአንድን ሰው የገቢ መንገድ መዝጋት ማለትም ነው። የተዘጋው መንገድ በሌላ ካልተተካ ሸክሙ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ተራራና ወደ ሌላ ሰዓት ይዞራል። የከተማዋ ነዋሪ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር በጀመረ ቁጥር የማገዶ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ወይም ሂሳቡ ሲከብድ ደግሞ ቅጠልና ጭራሮ ተፈላጊነታቸው ይመለሳል። የፓርኩ ደን ደኅንነት ከፓርኩ ክልል ውጭ ባለው ማድ ቤት ላይም የተመሠረተ ነው።

አገር በቀሉን ደን የመመለስ ሥራ

ተራራውን ወደ ቀድሞ ልብሱ የመመለስ ሐሳብ ከፓርኩ ምርቃት ይቀድማል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ አገር በቀል ዛፎችን ሲተክልና ሲንከባከብ ቆይቷል። በምዕራብ በኩል በዚያው ሰንሰለት ላይ የሚገኘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ705 ሄክታር ላይ ተቋቁሞ የሀገሪቱን ዕፀዋት ያሰባስባል፣ ያጠናል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ተከላም ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ጉልበት ሆኗል።

ብዙ ጎብኚዎች፣ ባሕር ዛፉ ጎጂ ከሆነ ለምን በአንድ ጊዜ ተቆርጦ በጥድና በወይራ አይተካም የሚል ጥያቄ ያነሣሉ። መልሱ ቀጥተኛ ነው። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ዛፉ በአንድ ጊዜ ቢነሣ አንድ ክረምት አፈሩን ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። ጥድና ወይራ ቀስ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው መሬቱን እስኪይዙ ድረስ ዓመታት ይፈጃሉ፤ ችግኝ ሳሉም ከነፋስና ከውርጭ መከለያ ይሻሉ። ስለዚህ ባሕር ዛፉን እያሳሱ በመካከሉ አገር በቀሉን መትከል፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥም በየጊዜው መልቀም ያስፈልጋል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቀንበጥ መልቀሙ ግን ፎቶግራፍ የሚነሣለት ሥራ ባይሆንም ደኑን የሚመልሰው እርሱ ነው። የከብት ንክኪ በቀረባቸው ቦታዎች ቀጋና ሌሎች ቁጥቋጦዎች ማንም ሳይተክላቸው ይመለሳሉ፤ ቁጥቋጦው ሲመለስ አዕዋፉም ይከተላሉ። በአካባቢው ዲኩላ፣ ጃርት፣ ቀበሮና ጅብ ይገኛሉ።

በፓርኩ ውስጥ የሚገኙ አገልግሎቶች

ፓርኩ የተገነባው አዲስ አበባን ለማስዋብ ከተነደፉት የሸገር ፕሮጀክቶች አንዱ ሆኖ ነው። ከመግቢያው ጀምሮ የአስፋልትና የድንጋይ መንገዶች፣ የእግረኛ፣ የሩጫና የብስክሌት መስመሮች፣ የመኪና ማቆሚያዎች፣ የማረፊያ መቀመጫዎችና ከተማዋን ቁልቁል ማየት የሚያስችሉ ሥፍራዎች ተዘጋጅተውለታል። ካፌዎችና ምግብ ቤቶች፣ የልጆች መጫወቻ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሥነ ጥበብ ማሳያ፣ እንዲሁም በደኑ መካከል የተሠሩ የእንግዳ ማረፊያዎችና የስፓ አገልግሎት ይገኛሉ። መጫወት ለሚሹ የፈረስ ግልቢያ፣ በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኬድበት ዚፕ ላይን፣ በዛፎች መካከል የተዘረጋ የገመድ ላይ ጉዞ፣ ጎ ካርት፣ ፔይንት ቦልና የቀስት ዒላማ አሉ። እነዚህ ጨዋታዎች ለየብቻ ክፍያ የሚጠየቅባቸው ስለሆነ ቤተሰብ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አስቀድመው ቢያስቡበት ይጠቅማል። ምንም ሳይከፍሉ በዛፎቹ መካከል መራመድ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ፓርኩ ከሚሰጣቸው ነገሮች የሚበልጠው ነው።

እንጦጦ የሯጮች መለማመጃ በመሆንም ይታወቃል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር በአንድ ሦስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ሰውነት በጥቂት ኦክስጅን መሥራትን ይለምዳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ በርካታ አትሌቶቻችን በዚህ ተራራ ላይ ተለማምደዋል። ማለዳ የሚወጣ ጎብኚ ዛሬም በየጫካው መንገድ በቡድን የሚሮጡ ወጣቶችን ያገኛል፤ መንገድ መልቀቅ መልካም ሥነ ምግባር ነው።

በዙሪያው የሚጎበኙ ቅርሶች

ወደ ፓርኩ የሚወጣ ሰው የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሳያይ ባይመለስ ይመረጣል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ሙዚየም የዐፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳትና መገልገያዎች፣ ነጋሪቶችንና ልዩ ልዩ ንዋያተ ቅድሳትን ይዟል። በአቅራቢያው የሚገኘው አሮጌው የምኒልክ መኖሪያ በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ ግድግዳው ነጭ የተቀባ ዝቅተኛ ቤት ነው። ቤተ መንግሥት የሚለውን ቃል ሰምተው የሚመጡ ሰዎች በአነስተኛነቱ ይገረማሉ፤ ነገር ግን ሰፊው የኢትዮጵያ ግዛት ለጥቂት ዓመታት የተመራው ከእነዚህ ክፍሎች ነው። የእንጦጦ ራጉኤል ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ሌላው የዘመኑ ሥራ ነው። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ምዕመናን ከየአካባቢው ስለሚመጡ፣ ጎብኚዎች በጸበሉ ዙሪያ ሕሙማንን ፎቶግራፍ ከማንሣት እንዲቆጠቡ፣ ወደ ቅጥሩ ሲገቡም ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ አለባበስ እንዲኖራቸው በአክብሮት እናሳስባለን።

በተራራው ጫፍ ላይ የሚታዩት ሁለት ክብ ጣሪያዎች የእንጦጦ የሕዋ ምልከታ ማዕከል ናቸው። በውስጣቸው እያንዳንዱ የ1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃዋን ስትልክ የነበረው በዚሁ ግቢ ወደሚገኘው የምድር ጣቢያ ነው። ጥንታዊው ቤተ መንግሥትና የሳተላይት መቀበያው በአንድ ተራራ ላይ፣ በአጭር ርቀት መገኘታቸው የእንጦጦ ልዩ ገጽታ ነው።

ለጉዞ የሚያስፈልጉ ማሳሰቢያዎች

ወደ ፓርኩ የሚወስደው የተለመደው መንገድ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄዱ ሰዎች እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ደርሰው ከዚያ ሌላ ታክሲ በመያዝ ወደ ላይ መውጣት ይችላሉ።

ከቦሌ አካባቢ ጋር ሲነጻጸር የተራራው ጫፍ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል፤ በነፋስ ጊዜ ደግሞ ብርዱ ይጨምራል። ስለዚህ በበጋ ፀሐይም ቢሆን ሹራብ ወይም ጋቢ መያዝ ያስፈልጋል። የአስም፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ ነፍሰ ጡር እናቶችና በቅርቡ ከቆላ የመጡ እንግዶች ዳገቱን ቀስ ብለው እንዲወጡ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ራስ ሲያዞር ወዲያውኑ እንዲያርፉና ወደ ታች እንዲወርዱ ይመከራል። በክረምት ጭጋግ በድንገት ስለሚወርድና መንገዱ ስለሚያንሸራትት ከተሠሩት መስመሮች መውጣት አይገባም። ነጎድጓድ ሲሰማ በረጅም ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ ተሽከርካሪ መግባት ይሻላል።

በፓርኩ ውስጥ በማናቸውም ቦታ እሳት ማንደድና የሲጋራ ቁራጭ መጣል እጅግ አደገኛ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በበጋ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በነፋስ ጊዜ እሳቱ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዛመታል። ከአገር በቀሉ ችግኝ ብዙ ዓመት የተደከመበት ቦታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። የጥድ ወይም የወይራ ቅርንጫፍ ለመታሰቢያ መቁረጥ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ በየጥሻው መጣልም እንዲሁ የተራራውን ልፋት ወደ ኋላ የሚመልስ ነው፤ የተጣለው ፕላስቲክ በክረምት ጎርፍ ወደ ቀበናና ቀጨኔ እንደሚወርድ መዘንጋት የለበትም።

በየወሩ በ21 በሚታሰበው የማርያም በዓል፣ እንዲሁም የቅዱስ ራጉኤል በዓል በሚከበርበት መስከረም 1 ቀን ተራራው በምዕመናን ስለሚሞላ የመኪና መንገዱ ይጨናነቃል። ለመዝናናት ብቻ የሚመጡ ጎብኚዎች በእነዚህ ቀናት ሌላ ሰዓት ወይም ሌላ ቀን ቢመርጡ ለራሳቸውም ለበዓሉ ታዳሚዎችም ይቀላል። በራሳቸው መኪና የሚመጡ ደግሞ ሲመለሱ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በሁለተኛ ማርሽ እንዲወርዱት፣ በመታጠፊያዎቹም ላይ በመንገዱ ዳር ለሚሄዱ እግረኞች ቅድሚያ እንዲሰጡ እናሳስባለን፤ በተለይ ማለዳና አመሻሽ ላይ ሸክም ይዘው የሚወርዱ ሴቶች ዛሬም በዚያ መንገድ አሉ።